ከሎኮሞቲቩ ወደ ቴንደሩ ለሚያልፈው ሽቦ የትኛው ኮኔክተር ይሻላል? (1:87 የእንፋሎት ባቡር ሞዴል)

ዳሞት፣ ፍኖተ ሰላም

ጤና ይስጥልኝ። የትምህርት ቤታችን ሳይንስ ክበብ አንድ 1:87 (ኤችኦ የሚባለው) የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞዴል አለው። ሀዲዱ 16.5 ሚ.ሜ. ነው፤ የሚሠራው በዲሲሲ (ትእዛዝ በሀዲዱ በኩል በዲጂታል በሚላክበት ሥርዓት) ነው። ሞተሩ ሎኮው ውስጥ ነው። ዲኮደሩ (ትእዛዙን ተቀብሎ ሞተሩንና መብራቱን የሚያዘው ትንሽ ቦርድ) ግን ቦይለሩ ስለጠበበው ከኋላ ቴንደሩ (ከሎኮው ጀርባ የሚጎተተው የከሰልና የውሃ ጋሪ) ውስጥ ተቀምጧል። በሁለቱ መሀል ስድስት ሽቦ ያልፋል፦ ከጎማ ኤሌክትሪክ የሚያነሱት ሁለት፣ የሞተሩ ሁለት፣ የፊት መብራቱ ሁለት። አሁን ሁሉም በቀጥታ የተበየዱ ናቸው። ሎኮውን ዘይት ለመቀባት እንኳ ከቴንደሩ መነጠል አይቻልም። ይባስ ብሎ ኩርባ ላይ የቴንደሩ የፊት ጎማ ብድግ ይልና ከሀዲድ ይወጣል።

ኮኔክተር ላስገባለት ነው። እጄ ላይ ያለው ለአርዱዪኖ የምንጠቀምበት ባለ 2.54 ሚ.ሜ. ዱፖንት፣ ከአሮጌ ቦርድ የወጣ ነጭ ባለ 2.5 ሚ.ሜ. ኤክስኤች እና ሁለት የሞቱ ላፕቶፖች ናቸው። የትኛው ይሻላል? ወንዴው (ፒኖቹ ያሉበት ግማሽ) በየት በኩል ይሁን? ሽቦውስ ምን ዓይነት?


ጮቄ፣ ደብረ ማርቆስ

ኮኔክተሩን ከማንሳትህ በፊት ሁለት ልኬት አምጣ፤ ያለ እነሱ የሚሰጥህ ምክር ሁሉ ግምት ነው።

አንደኛው ሞተሩ ተይዞ ሲቆም የሚስበው አምፒር ነው። ሞተሩን ከዲኮደሩ ነጥለህ 12 ቮልት ዲሲ ስጠው፣ አምፒር ሜትሩን በመስመሩ መሀል አስገባ፣ ከዚያ ትልልቆቹን ጎማዎች በጣትህ ይዘህ አቁማቸው። ከ2 ሰከንድ በላይ አትያዝ፤ የሞተሩ ጥቅል ይግላል። ድፍን ቆርቆሮ የለበሰ አዲስ ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ1 አምፒር በታች ነው። ማግኔቱና ጥቅሉ በግልጽ የሚታይ የድሮ ሞተር ከሆነ ግን ከ1 አምፒር ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ ምርጫችንም ይለወጣል።

ሁለተኛው ቴንደሩ ፊት ላይ ሽቦው የሚገባበት ክፍተት ነው፤ ወርዱንም ቁመቱንም ለካ። ኮኔክተሩ በሎኮውና በቴንደሩ መሀል ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። አንዱ ግማሽ ቴንደሩ ውስጥ ወለሉ ላይ ይጣበቅ፣ ሌላው በክፍተቱ ሾልኮ ገብቶ እዚያው ይሰካ። ውጭ የሚቀረው ሽቦ ብቻ ይሁን።

እጅህ ላይ ካሉት ኤክስኤቹን ተወው። በአንድ ፒን 3 አምፒር ይችላል፣ ለዚህ ሥራ ግን ጎተራ ነው። ባለ ስድስቱ 17 ሚ.ሜ. ያህል ይሰፋል። የእውነተኛው ቴንደር ወርድ 3 ሜትር ቢሆን፣ ለ87 ስታካፍለው 34 ሚ.ሜ. ነው የሚደርስህ፤ ግማሹን ኮኔክተር በላው ማለት ነው። ዱፖንቱ በወርድ ትንሽ ይሻላል (15 ሚ.ሜ.)፣ ነገር ግን ሴቴው ብቻውን 14 ሚ.ሜ. ይረዝማል። መቆለፊያም የለው፣ ተገልብጦም ይሰካል።

የመገልበጡ ጣጣ ቀላል አይደለም። ሀዲዱ ላይ ከ14 እስከ 16 ቮልት አለ። ያ ቮልት በሞተር መውጫው በኩል ወደ ዲኮደሩ ከገባ ዲኮደሩ በዚያው ይቃጠላል፤ ጣቢያው (ለሀዲዱ ኃይልና ትእዛዝ የሚሰጠው ሳጥን) ሾርቱን አውቆ እስኪያጠፋ ድረስ አይቆይም። አንዳንዶች «ፒኖቹን ግራና ቀኝ አመሳስዬ ብደረድር ተገልብጦ ቢሰካም ሞተሩ ወደኋላ ከመሄድ በቀር ምን ይመጣል?» ይላሉ። የሚመጣውማ አለ። ሎኮውም ቴንደሩም ከሀዲድ የሚያነሱ ከሆነ፣ ሲገለበጥ የሎኮው ቀኝ ጎማ ከቴንደሩ ግራ ጎማ ጋር ይገናኛል። ዲኮደሩ ይተርፍ ይሆናል፣ ግን ሁለቱ ሀዲዶች በዚያች ቀጭን ሽቦ በኩል ሾርት ያደርጋሉ። ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሰካ ኮኔክተር ነው የሚያስፈልግህ።

ላንተ የሚሆነው በፒንና በፒን መሀል 1.25 ሚ.ሜ. ያለው ነው፤ ፒኮብሌድ የሚባለው ዓይነት። በአንድ ፒን 1 አምፒር ይችላል፣ ባለ ስድስቱ 9 ሚ.ሜ. ገደማ ነው የሚሰፋው። ከእሱ የሚያንሰው ባለ 1 ሚ.ሜ. ኤስኤች አለ፤ ለዓይንም ለእጅም መከራ ስለሆነ ለ1:160 ሞዴል ይቆይ። ሞተርህ ከ1 አምፒር ካለፈ ደግሞ ባለ 2 ሚ.ሜ. ፒኤች ፈልግ፤ እሱ 2 አምፒር ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቴንደርህ ከሀዲድ የሚወጣው ኮኔክተር ስለሌለው አይደለም፣ ሽቦው ስለሚገፋው ነው። ኮኔክተር አስገብተህ ያንኑ ሽቦ ብትተወው ያው ይወጣል። ሞፈርና ቀንበርን የሚያያይዘው ምራን እንጂ ብረት ያልሆነው ለዚህ ነው፤ በሬው ወዲህ ወዲያ ሲል ሞፈሩ አብሮ እንዳይወላገድ። እዚህ መጎተት የመሳቢያው ዘንግ ሥራ ነው። ሽቦው አይጎትትም፣ አይገፋም፣ አያነሳም።

ሽቦው በሲሊኮን የተለበጠ 30 ቁጥር ይሁን። ውስጡ 0.08 ሚ.ሜ. የሆኑ 11 ፀጉሮች አሉት፣ የውጭ ውፍረቱ 0.8 ሚ.ሜ. ነው። «ቀጭን ነው፣ ኃይል ይቀንሳል» እንዳትል፦ አንድ ሜትሩ 0.34 ኦም ነው፤ 10 ሳ.ሜ. ላይ በግማሽ አምፒር የምታጣው 0.017 ቮልት ነው። ሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙባት ባለ አንድ ፀጉር መዳብ ግን አትሆንም፤ ለማይንቀሳቀስ ቦርድ ነው የተሠራችው፣ ስትታጠፍ ስትዘረጋ ትበጠሳለች። የድሮ ሃርድ ዲስክ ጠፍጣፋ ኬብልም ይቅር፤ ልባጩ ደረቅ ነው፣ ብርድ ላይ ደግሞ እንጨት ይሆናል።

ሽቦዎቹን በዘንጉ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት አድርገህ፣ በተቻለ መጠን ወደ መሀል አስጠግተህ አሳልፋቸው። ኩርባ ላይ መሀሉ ርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፤ ጠርዝ ላይ ግን አንዱ ወገን ይሳባል፣ ሌላው ይጨማደዳል። ከክፍተቱ ከ10 እስከ 15 ሚ.ሜ. ትርፍ ተውላቸው። መሀል ላይ አትጎንጉናቸው፣ በሽሪንክም (ሲሞቅ በሚኮማተር ቱቦ) አትጠቅልላቸው።

መፈተኛው ይኸው፦ ሎኮውን ይዘህ ቴንደሩን በእጅህ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን አዙረውና ልቀቀው። ባለበት ከቀረ ደህና ነው። ራሱ ተስፈንጥሮ ከተመለሰ ሽቦህ ስፕሪንግ ሆኗል።


ባለካውያ፣ ባሕር ዳር

ጋሼ ጮቄ ያሉት ልክ ነው፤ በወንዴና ሴቴው ላይ ግን ገና ምንም አላሉም፣ እኔ ልጀምረው።

ዳሞት፣ አዲስ ኮኔክተር ፍለጋ መርካቶ ድረስ አትላክ። የሞቱት ላፕቶፖች ውስጥ አለልህ። የስፒከሩ ገመድ ብዙ ጊዜ ባለ 4 ነው፣ የፋኑ ባለ 3 ወይም ባለ 4፣ ሰዓቱን የምትይዘው ክብ ባትሪ ደግሞ ባለ 2። የባለ 4ቱን የመጀመሪያና የመጨረሻ ፒን መሀል ለመሀል ለካ፤ 3.75 ሚ.ሜ. ከሆነ 1.25ኛው ነው፣ 3 ሚ.ሜ. ከሆነ ትንሹ ነው። ገመዱን ከመሰኪያው አጠገብ አትቁረጠው፣ 6 ሳ.ሜ. ያህል አስቀርለት። ቦርዱ ላይ ያለውን፣ መሰኪያው የሚገባበትን ማቀፊያም አብረህ አውጣው፤ ጥንዱን ካላገኘህ መሰኪያው ብቻውን ዋጋ የለውም። ማቀፊያው በሙቅ አየር ነው የሚነሳው፤ ከጎኖቹ ያሉት ሁለት የመያዣ እግሮችም መሞቅ አለባቸው፣ አለዚያ ፒኑ ተነቅሎ ይቀራል።

ስድስት ሽቦ ስላለህ አንድ ባለ 4 እና አንድ ባለ 2 ተጠቀም። ባለ 4ቱ ለሀዲዱና ለሞተሩ፣ ባለ 2ቱ ለመብራቱ። ባለ 2ቱ ባለ 4ቱ ውስጥ አይገባም፣ ሁለቱም የሚሰኩት በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ መሳሳት ብትፈልግም አትችልም።

የባለ 4ቱን አደራደር ቀይ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ፣ ግራጫ አድርገው። ቀይ የቀኝ ሀዲድ ነው፣ ጥቁር የግራ፤ ብርቱካናማና ግራጫ የሞተሩ ናቸው። ቀኝና ግራ የሚባለው ባቡሩ ወደፊት ሲያይ ነው። ምክንያቱም ይህ ነው፦ ቀይና ጥቁር ቢነካኩ ጣቢያው ሾርት ብሎ ያጠፋል፣ ዲኮደሩ ምንም አይሆንም። አደገኛው የሀዲድ ሽቦ ከሞተር ሽቦ ጋር ሲነካካ ነው። በዚህ አደራደር ይህ ጉርብትና አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ ጥቁርና ብርቱካናማ መሀል። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ግራጫ፣ ጥቁር ብትል ሁለት ቦታ ይሆንብሃል። ባለ 5 ካገኘህማ መሀሉን ባዶ ተወው።

ወንዴና ሴቴን በተመለከተ የተለመደው ሕግ «ዲኮደሩ ያለበት ወገን ሴቴ ይሁን» ነው። ለዱፖንት እውነት ነው፤ ፒኖቹ ራቁታቸውን ስለሆኑ ብረት ቢነካቸው ዲኮደሩን ይገድሉታል። የላፕቶፑ ማቀፊያ ግን ፒኖቹ ግድግዳ ውስጥ ናቸው፣ ጣትም አይደርስባቸው። ስለዚህ ማቀፊያውን ቴንደሩ ወለል ላይ አጣብቀው፣ ባለ ገመዱ መሰኪያ ከሎኮው ይምጣ። ትንሿ ነገር በጠባቡ ክፍተት ታልፋለች፣ ትልቋ ውስጥ ትቀመጣለች። ማቀፊያውን ከማጣበቅህ በፊት ከሥሩ ቀጭን የፕላስቲክ ቁራጭ አንጥፍ፤ የቴንደሩ ወለል ብረት ከሆነ እግሮቹን ሾርት ያደርጋል።

ብየዳው ላይ፦ ካውያው ከ320 እስከ 350 ዲግሪ፣ ሊዱ (የሚቀልጠው የብየዳ ሽቦ) 0.5 ሚ.ሜ.፣ እያንዳንዱ ፒን ላይ ከ2 ሰከንድ በላይ አትቆይ። ስትበይድ መሰኪያው ማቀፊያው ውስጥ ተሰክቶ ይሁን፤ ፕላስቲኩ ቢለሰልስ እንኳ ፒኑ ቦታውን አይለቅም። 1 ሚ.ሜ. ሽሪንክ ቀድመህ ሽቦው ላይ አስገባና ከካውያው አርቀው፤ ቅርብ ከሆነ ቦታው ሳይደርስ ተጨብጦ ይቀራል። ሽሪንኩን ከማውረድህ በፊት የብየዳውን ፔስት በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ እጠበው፤ ክረምት ላይ እርጥበት እየሳበ ፒኖቹን አረንጓዴ ያደርጋቸዋል።

የስፒከሩ ገመድ አራቱም ጥቁር ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በጥፍር ቀለም ነጥብ አድርግባቸው፤ በሁለቱም ጫፍ።


ግዮን፣ ዳንግላ

ርዕሱን ሳይ ስለ ወፍጮ መስሎኝ ነው የገባሁት፤ እኛ ዘንድ ባቡር ሲባል እሱ ነው የሚታየን። 😄

ጥያቄ ግን አለኝ። ዲኮደሩን ወደ ሎኮው ብታዞሩት ከቴንደሩ የሚመጣው ሁለት ሽቦ ብቻ አይሆንም? ለምን በስድስት ትጨነቃላችሁ?


ጮቄ፣ ደብረ ማርቆስ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሽቦው ይቀንሳል፣ ግን ዲኮደሩን ቦይለር ውስጥ ለማስገባት ክብደቱን ፈልፍለህ ማውጣት አለብህ። ሎኮው የሚጎትተው በክብደቱ ነው፤ ያን ስታወጣለት ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ቦይለሩ ውስጥ አየርም የለም፣ ሞተሩ በሚያሞቀው ክፍል ዲኮደሩም ይግላል። ድምፅ ያለው ዲኮደር ከሆነ ስፒከሩ ያው ቴንደሩ ውስጥ ስለሚቀመጥ ሽቦው ተመልሶ አራት ይሆናል። ቦታ ያለው ትልቅ ሎኮ ከሆነ ግን ያልከው ይሻላል፤ አልከራከርም።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር፦ ከሀዲዱ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት እንዳይቆም የሚረዳ ካፓሲተር ልትጨምርለት ካሰብክ፣ ዳሞት፣ ዲኮደሩ ባለበት ቴንደሩ ውስጥ አኑረው። ኮኔክተሩን አቋርጦ ወደ ሎኮው አይሂድ። ሁለት ፒን ይጨምርብሃል፣ ስትነቅለውም ገና ኃይል የያዘ ሽቦ እጅህ ላይ ይቀራል።

የለገሃሩን ባቡር ሞዴል ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ፦ የዚያ መስመር ወርድ 1 ሜትር ነበር፤ በ1:87 የሚሆነው ባለ 12 ሚ.ሜ. ሀዲድ ነው። ቴንደሩም ጠባብ ይሆናል፤ ባለካውያ ያለው አራትና ሁለት አደራደር ጎን ለጎን ላይገባ ስለሚችል አንዱን ከአንዱ ኋላ አድርጉት።

ባለካውያ የማቀፊያው ነገር ትክክል ነህ፤ ግድግዳ ካለው ሕጉ አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፦ ማቀፊያውና መሰኪያው ከአንድ ላፕቶፕ ከአንድ ጥንድ ይምጡ። የአንዱ ፒን ወርቅ የተቀባ፣ የሌላው ቆርቆሮ ከሆነ በንዝረት እየተፋቀ ይዝጋል፤ ኋላ መንስኤው የማይታወቅ መንገጫገጭ ያመጣል።


ዳሞት፣ ፍኖተ ሰላም

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼ፣ ልኬቱ ይኸው። ተይዞ ሲቆም 0.45 አምፒር። ክፍተቱ 11 በ4 ሚ.ሜ.። ስለዚህ የላፕቶፑን 4 እና 2 ነው ያስገባሁት። ሽቦውን በሲሊኮን ቀይሬዋለሁ፤ ቴንደሩ አሁን ከሀዲድ አይወጣም፣ በእጅ ሳዞረውም ባለበት ይቀራል።

አዲስ ችግር ግን መጣ። ቀጥታ ላይ ደህና ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ ኩርባም ደህና ነው። ወደ ግራ ኩርባ ሲገባ ሞተሩ ይቆማል፣ መብራቱ ግን አይጠፋም። በጣት ገፋ ሳደርገው ይቀጥላል።


ባለካውያ፣ ባሕር ዳር

መብራቱ ካልጠፋ ዲኮደሩ ኃይል እያገኘ ነው፤ ስለዚህ ቀይና ጥቁሩ ላይ አትድከም። የተቋረጠው ከሞተሩ ሁለት ሽቦ አንዱ ነው። ወደ ግራ ሲዞር በቀኝ በኩል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ በቀኝ የሚያልፈው ሽቦ ይሳባል። ብርቱካናማው ወይም ግራጫው በቀኝ ነው አይደል?

ሀዲዱን አጥፋ። መሰኪያውን ከማቀፊያው ንቀለው፤ ሽቦውን ይዘህ ሳይሆን የመሰኪያውን ፕላስቲክ ቤት በወረንጦ በሁለት ጎኑ ይዘህ። መልቲሜትሩን ድምፅ በሚሰጠው ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ሞተሩ እግር ላይ፣ ሌላውን በቀጭን መርፌ መሰኪያው ቀዳዳ ውስጥ አድርግ፤ ከዚያ ሽቦውን ቀስ እያልክ ሳበው። ድምፁ የሚቆራረጥበት እሱ ነው።

ከዚያ መሰኪያውን በአጉሊ መነጽር ከፊት ለፊት እየው። አራቱ የብረት አፎች እኩል መቆም አለባቸው። አንዱ ወደ ኋላ ከገባ፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ ምላስ ቤቱን አልያዘችም ማለት ነው። በቤቱ ጎን ባለችው ትንሽ መስኮት መርፌ አስገብተህ ምላሷን ጫን፣ ብረቱን ወደ ኋላ ሳበው፣ ምላሷን በመርፌው ጫፍ ትንሽ ወደ ላይ አቅናትና ጠቅ እስክትል መልሰህ ግፋው። ከዚያ ሽቦውን ቀለል አድርገህ ሳበው፤ መውጣት የለበትም።

አፎቹ ሁሉ እኩል ከሆኑ ደግሞ ብየዳው ነው፤ ሽሪንኩ ሥር ያለው። ሊዱ ሽቦው ውስጥ ወደ ላይ ከሰረገ ያ ቦታ ይደርቃል፣ የሚበጠሰውም ልክ ሊዱ ባለቀበት ነው።


ጮቄ፣ ደብረ ማርቆስ

ካስተካከልከው በኋላ ሽቦዎቹን ቴንደሩ ውስጥ ከመሰኪያው 10 ሚ.ሜ. ርቀት ላይ ወለሉ ላይ በአንድ ጠብታ ሲሊኮን ያዛቸው። መሳሳቡ እዚያ ይቁም፣ ፒኑ ድረስ አይሂድ። ሱፐር ግሉ አትጠቀም፤ በሽቦው ላይ እየሰረገ ሄዶ ያደርቀዋል፣ መሰኪያው ውስጥ ከገባ ደግሞ ለዘላለም ተጣበቀ።

ጠብታው ከክፍተቱ አፍ ላይ እንዳይሆን። ከአፉ ቢያንስ 5 ሚ.ሜ. ወደ ውስጥ ካልገባ ሽቦው በጠርዙ ላይ ይታጠፋል። ጠርዙንም በጥሩ ሞረድ አለስልሰው።


ዳሞት፣ ፍኖተ ሰላም

ግራጫው ነበር፤ አፉ ከሌሎቹ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ገብቶ ነው። ምላሷ ከላፕቶፑ ስነቅለው ሳትታጠፍ አልቀረችም። አቅንቼ መልሼዋለሁ፣ ሲሊኮኑንም አድርጌበታለሁ፤ ሌሊቱን ይድረቅ ብዬ አልነካሁትም። ጠዋት በሁለቱም ኩርባ ሃያ ሃያ ዙር ዞረ፣ አልቆመም።

ባለ 2ቱ ላይ የመብራቱን ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ሎኮው ውስጥ ነው ያደረግሁት። ይሁን ወይስ ላዛውረው?


ባለካውያ፣ ባሕር ዳር

ወደ ቴንደሩ አዛውረው፣ ከማቀፊያው በፊት ነጩ (ከዲኮደሩ የመብራት መውጫ የሚመጣው) ሽቦ ላይ። ሎኮው ውስጥ ሽቦው ተልጦ ሻሲውን ቢነካ ሬዚስተሩ በመሀል ስላለ የዲኮደሩን መብራት መውጫ ያተርፍልሃል። አሁን ባለበት የሚያተርፈው ኤልኢዲውን ብቻ ነው።